የቡጢኛ ዝና በዜሮ አይለካም፦ «ደጋፊ ውለታ ቢስ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የቡጢ ስፖርት ደጋፊዎች ጀግኖቻቸውን ያለ ፍርድ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በስፖርቱ ወዳጆች ዘንድ ሲዘዋወር ከርሟል። ጸሐፊው ስፖርቱን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ክሳቸውንም በአምስት ነጥቦች አቅርበዋል። አንደኛ፣ የአንድ ቡጢኛ ክብር መለካት ያለበት በማይለዋወጠው የውጤት መዝገቡ ነው። ሁለተኛ፣ ደጋፊ ግን መዝገቡን ትቶ በአንድ ሽንፈት ምክንያት ሻምፒዮኑን ይክዳል። ሦስተኛ፣ ከዓመታት በፊት የተደረገ ግጥሚያ ዋጋው የሚወጣውና የሚወርደው ደጋፊው በስሜት ስለሚነዳ እንጂ በግጥሚያው ላይ የተለወጠ ነገር ስላለ አይደለም። አራተኛ፣ ጊዜ ስሜትን ያበርዳልና ውሎ አድሮ ለሁሉም የሚገባውን ደረጃ ይሰጣል። አምስተኛ፣ ከመድረኩ ውጭ የሆነው ሁሉ ከፍርዱ መውጣት አለበት፤ የተለያየ ዘመን ቡጢኞችን ማነጻጸሩም ለኮምፒውተር ቢተው ይሻላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳች እውነት የለም አልልም። ሦስተኛው ነጥብ ግን የጽሑፉ ምሰሶ ነው፤ እርሱም ስሕተት ነው ብዬ ስለማምን ብዙውን ቦታ ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው ለመጀመሪያው ነጥባቸው ምስክር አድርገው የጠሩት ሮኪ ማርሲያኖን ነው፤ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ ያሸነፈውን፣ ከእነዚህም 43ቱን ሙሉ ዙር ሳይደርሱ የፈጸመውን፣ በ1956 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን እንደሆነ ስፖርቱን የተሰናበተውን ሰው። ይህን መዝገብ ላሳንስ አልፈልግም፤ ግን መዝገቡ ብቻውን ስንት ነገር እንደሚደብቅ ለማየት ገለጥ አድርጎ ማንበብ ይበቃል። ማርሲያኖ በ1951 በዝረራ ያሸነፈው ጆ ሉዊስ የ37 ዓመት ሰው ነበር፤ በ1952 የሻምፒዮንነት ቀበቶውን የወሰደበት ጀርሲ ጆ ዋልኮት ደግሞ 38 ዓመቱ ነበር። መዝገቡን የሚያናንቁ ሰዎች የሚያነሡት ይህንኑ ዕድሜ ነው። ነገር ግን በዋልኮቱ ግጥሚያ ማርሲያኖ ገና በመጀመሪያው ዙር ወድቆ የተነሣ፣ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ሲበለጥ የቆየና በ13ኛው ዙር በሰነዘረው አንድ ቀኝ ቡጢ ውጤቱን የገለበጠ መሆኑም በቁጥሩ ውስጥ አይታይም። ሰውየውን የሚያሳንሰውም የሚያገንነውም ማስረጃ ከ49ኙ ቁጥር ውጭ ያለ ከሆነ፣ ቁጥሩን ብቸኛ ሚዛን ማድረግ ከሁለቱም ወገን ክርክሩን መንጠቅ ነው።

የላሪ ሆምስ ታሪክ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ሆምስ 48 ግጥሚያዎችን ያለ ሽንፈት ከፈጸመ በኋላ በመስከረም 1985 በ49ኛው ግጥሚያ ከከባዱ ዝቅ ያለ የክብደት ምድብ ለሆነው ለቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ለማይክል ስፒንክስ በጠባብ የነጥብ ልዩነት ተሸነፈ። ሁለት ዳኞች ጥቂት ዙሮችን በሌላ ዓይን አይተው ቢሆን ኖሮ ሆምስ ዛሬ ከማርሲያኖ ጎን ይቆም ነበር ማለት ነው። በአንጻሩ ፍሎይድ ሜይዌዘር በ2017 ኃምሳኛ ድሉን ያገኘው ኮነር ማግሪገርን አሸንፎ ነው፤ ማግሪገር በሌላ የፍልሚያ ስፖርት ሻምፒዮን የነበረ ቢሆንም በቡጢ ፕሮፌሽናል ሆኖ ሲጋጠም ያ የመጀመሪያው ነበር። ሜይዌዘር ታላቅ ቡጢኛ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ለታላቅነቱ ግን ከዚያ ኃምሳኛ ድል ይልቅ ሌሎች አርባ ዘጠኝ የተሻሉ ማስረጃዎች አሉት። ብዙዎች የምን ጊዜም ታላቅ የሚሉት ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ደግሞ 19 ጊዜ ተሸንፏል። ከእነዚህ መካከል በ1952 መጨረሻ ስፖርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪሰናበት ድረስ የመጡት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 16ቱ በ1955 ከተመለሰ በኋላ፣ እስከ 44 ዓመት ዕድሜው ባሉት የመመሻ ዓመታት የተከማቹ ናቸው። ደጋፊ እነዚህን ሁለት ዓይነት ሽንፈቶች ለይቶ የሚመዝን በመሆኑ ሊመሰገን ሲገባው በጽሑፉ ተወቅሷል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ ጸሐፊው «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለውን ብሂል ጠቅሰዋል። ከሽንፈት ማግስት ያለውን ሳምንት በሚመለከት ብሂሉ እውነት ነው። የዓመታትን ሂደት በሚመለከት ግን የቡጢ ታሪክ በተቃራኒው የሚመሰክር ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ቡጢኞች ይበልጥ የተወደዱት በሽንፈታቸው ነው። ጃክ ዴምፕሲ ሻምፒዮን በነበረባቸው ዓመታት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሸሽቷል በሚል ይታማ ነበር፤ በ1920 ፍርድ ቤት ነጻ ቢያወጣውም ሐሜቱ አልለቀቀውም። ቀበቶውን በ1926 ለጂን ተኒ ካስረከበና በ1927 በቺካጎው የመልስ ግጥሚያ፣ ቆጠራው ዘግይቷል በሚባለው በዚያ ዝነኛ ሰባተኛ ዙር፣ ተኒን ጥሎ ሳለ ዳግመኛ ከተሸነፈ በኋላ ግን ሲያሸንፍ ያላገኘውን ፍቅር አገኘ። ጆ ሉዊስ በ1936 በማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ከተዘረረ በኋላ ሻምፒዮን ሆኖ እንኳ ያንን ዕዳ አልረሳም፤ በ1938 በመልሱ ግጥሚያ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር፣ ከሁለት ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ጨረሰው። የመጀመሪያው ሽንፈት ባይኖር ሁለተኛው ድል ያን ያህል ክብደት ባልኖረው ነበር።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የሮቤርቶ ዱራን ጉዳይ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የእርሱ ሽንፈት በስፖርቱ ውስጥ ከሁሉ የከፋ የሚባለው ዓይነት ነበር። ፓናማዊው ዱራን በሰኔ 1980 በሞንትሪያል ሹገር ሬይ ሌናርድን በነጥብ ሲያሸንፍ ከ70 በላይ ድሎችና አንድ ሽንፈት ብቻ ነበሩት። አምስት ወር ቆይቶ በኒው ኦርሊንስ በተደረገው የመልስ ግጥሚያ፣ ሳይወድቅና ከባድ ጉዳት ሳይታይበት፣ በስምንተኛው ዙር ጀርባውን ሰጥቶ መፋለሙን አቆመ። በቡጢ ዓለም መዘረር ይቅር ይባላል፤ መተው ግን አይባልም፤ እናም በዚያ ምሽት የዱራን ስም አልቆለታል ያለ ሁሉ የሚያሳምን ምክንያት ነበረው። ዱራን ግን በ1983 በ32ኛ ልደቱ ዕለት ወጣቱን ሻምፒዮን ዴቪ ሙርን በስምንተኛው ዙር አስቁሞ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ከማርቪን ሃግለር ጋር 15 ዙር ተፋልሞ በነጥብ ብቻ ተሸነፈ፤ በ1989 ደግሞ በ37 ዓመቱ፣ ከእርሱ እጅግ የሚገዝፈውን የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮኑን አይራን ባርክሊን አሸነፈ። ዛሬ በቀላል ሚዛን ታሪክ ከሁሉ የላቀው እርሱ ነው የሚሉ በርካቶች ናቸው። በ1980 የፈረደበትም በ1989 ያነሣውም ያው ደጋፊ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የፈረደው ያየውን አይቶ ነው።

ቭላዲሚር ክሊችኮም እንዲሁ ነው። በ2003 ኮሪ ሳንደርስ በሁለተኛው ዙር፣ በ2004 ላሞን ብሩስተር በአምስተኛው ዙር ካስቆሙት በኋላ አገጩ ቡጢ አይችልም ተብሎ ነበር፤ ከ2006 እስከ 2015 ሻምፒዮን ሆኖ ሲገዛ ደግሞ እጁን ዘርግቶና ተቃቅፎ የሚያሸንፍ አሰልቺ ሰው ተባለ። የብዙ ሰው ልብ ያሸነፈው በሚያዝያ 2017 በዌምብሊ፣ 90,000 ያህል ተመልካች በተገኘበት ምሽት፣ በ41 ዓመቱ ከአንቶኒ ጆሹዋ ጋር ሲጋጠም ነው፤ በአምስተኛው ዙር ወደቀ፣ በስድስተኛው ጆሹዋን ጣለ፣ በ11ኛው ዙር ተሸነፈ። ሽንፈት ብቻውን ዝናን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ያ ምሽት የክሊችኮ ዝና መቀበሪያ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው የተፈጸመ ግጥሚያ ተፈጽሟል፣ ከዚያ በኋላ ዋጋውን መቀየር ማስረጃ ሳይኖር ፍርድ መቀየር ነው ይላሉ። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ የማይካድ ይመስላል። ግን የአንድ ድል ዋጋ የሚወሰነው በተሸናፊው ማንነት ነው፤ የተሸናፊው ማንነት ደግሞ ግጥሚያው ባለቀበት ምሽት ተጠንቅቆ የታወቀ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ በዚያ ምሽት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ የሚገልጥ አዲስ ማስረጃ ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የተስተካከለው ላሪ ሆምስ ለሁለት ግጥሚያዎች ከወዲያና ከወዲህ የቆመበት ነው። በጥቅምት 1980 ሆምስ ሙሐመድ አሊን አሸነፈ፤ አሊ ያን ጊዜ 38 ዓመቱ ነበር፣ ሁለት ዓመት ያህልም አልተጋጠመም ነበር፣ ከአሥረኛው ዙር በኋላም ከማእዘኑ ሳይነሣ ቀረ። በጥር 1988 ደግሞ ማይክ ታይሰን ሆምስን በአራተኛው ዙር ዘረረው፤ ሆምስም ያን ጊዜ 38 ዓመቱ ነበር፣ እርሱም ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከመድረክ ርቆ ነበር። በመዝገብ ከታየ ሁለቱ ድሎች መንትዮች ናቸው። ይሁን እንጂ ሆምስ አሊን በማሸነፉ ያገኘው ክብር የለም ማለት ይቻላል፤ የታይሰን ድል ግን ከምርጥ ድሎቹ መካከል ይቆጠራል። ይህ የደጋፊ አድልዎ ነውን? አሊ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተጋጥሞ በ1981 ለትሬቨር በርቢክ ተሸነፈና አበቃ፤ ጤናውም ምን ያህል ተጎድቶ እንደነበር ዓለም ሁሉ በኋላ አየ። ሆምስ ግን ተመልሶ በ1992፣ በ42 ዓመቱ፣ ያልተሸነፈውንና የ1988 የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳልያ ባለቤት የነበረውን ሬይ መርሰርን አሸነፈ፤ በረጅሙ የቡጢ ሕይወቱም ከታይሰን በቀር በዝረራ ያሸነፈው ሰው የለም። እንግዲህ በ1988 ታይሰን የዘረረው ሆምስ ያለቀለት ሰው እንዳልነበረ ያረጋገጠው በአራት ዓመት ዘግይቶ የተደረገ ግጥሚያ ነው። ያንን አይቶ የቀደመ ግምቱን ያላስተካከለ ደጋፊ ቢኖር ነው ሊወቀስ የሚገባው።

የፎርማንም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1974 በኪንሻሳ አሊ ጆርጅ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር ሲዘርረው፣ ፎርማን ራሱን አድክሞ የወደቀ፣ ከጉልበት በቀር ብልኃት የሌለው ሰው ነበር የሚል አስተያየት ብዙ ዓመት ኖሯል፤ በ1977 በጂሚ ያንግ ተሸንፎ ስፖርቱን ሲተውም አስተያየቱ የተረጋገጠ መሰለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ በ1991 በ42 ዓመቱ ከሻምፒዮኑ ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ሙሉ ቆሞ ተፋለመ፤ በ1994 ደግሞ በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ዘርሮ ከኪንሻሳ 20 ዓመት በኋላ ቀበቶውን አስመለሰ። በነጥብ እየተመራ ታግሦ አድፍጦ ማሸነፍን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከታየ በኋላ የኪንሻሳው ድል ዋጋ ወጣ እንጂ ባለበት አልቀረም።

ተቃራኒውም ይሆናል። ባስተር ዳግላስ በየካቲት 1990 በቶኪዮ ታይሰንን በአሥረኛው ዙር ሲዘርረው፣ ይሸነፋል ተብሎ በአንዳንድ አቋማሪዎች ዘንድ 42 ለ1 የተገመተ ሰው፣ ያን ምሽት እንደ ታላቅ ቡጢኛ ተፋልሟል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ከመጠን በላይ ወፍሮ ከሆሊፊልድ ጋር ገጥሞ በሦስተኛው ዙር ተዘረረ። ከዚያ ወዲህ የቶኪዮው ምሽት ለዳግላስ የአንድ ሌሊት ተአምር ሆኖ ቀረ፤ ለታይሰን ደግሞ ይበልጥ የሚከብድ ሽንፈት ሆነ፣ ምክንያቱም አሸናፊው ታላቅ ሆኖ ቢዘልቅ ኖሮ መሸነፉ ባላሳፈረው ነበር። (በቅንጭብ ቪዲዮ ብቻ የሚያውቁት ወጣቶች ታይሰንን ከሚገባው በላይ ሰቅለውታል የሚለውን የጸሐፊውን ሐሳብ ግን እቀበላለሁ፤ የሁለት ዙር ዝረራ ለቅንጭብ የተፈጠረ ነው፣ የ12 ዙር ብልኃት ግን አይቀነጨብም።) ታይሰን ፊዩሪ በ2015 በዱሰልዶርፍ ክሊችኮን ያሸነፈበት ግጥሚያም በጊዜው አሰልቺ ተብሎ ተናቀ፤ ክሊችኮ ጆሹዋን ለመዘረር ምን ያህል እንደተቃረበ ከታየ በኋላ ነው ብዙዎች ፊዩሪ በዚያ ምሽት ያደረገውን መለስ ብለው ያዩት።

አራተኛው ነጥብ፣ ጊዜ ፍትሐዊ ዳኛ ነው የሚለው፣ ከሦስተኛው ጋር ራሱ አይስማማም፤ ፍርድን መቀየር ስሜት ከሆነ ጊዜ የሚያመጣው ለውጥ በምን ተለይቶ ፍትሕ ተባለ? ይህን ልተወውና፣ ጊዜ ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ሄሪ ግሬብን ማንሣት ይበቃል። ከ1913 እስከ 1926 ወደ 300 የሚጠጋ ግጥሚያ ያደረገ፣ ጂን ተኒን ያሸነፈ ብቸኛ ሰው፣ በመጨረሻ ዓመታቱም በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮንነቱን የያዘ ነበር። ሆኖም ከእነዚያ ሁሉ ግጥሚያዎች አንዱም በፊልም አልተረፈም። ስሙ ዛሬ ከታላላቆቹ ተርታ ካለ፣ አሮጌ ጋዜጦችን እየገለበጡ ውጤቱን በየከተማው ያሰባሰቡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ኢዛርድ ቻርልስም ተመሳሳይ ዕዳ አለበት። በ1950 የሚወደደውን ጆ ሉዊስን በነጥብ አሸንፎ በሕዝብ ዘንድ ሻምፒዮን ተብሎ ሙሉ በሙሉ ሳይታመን የቀረው ቻርልስ፣ ዛሬ ብዙዎች በቀላል ከባድ ሚዛን የምን ጊዜም አንደኛ የሚሉት፣ በዚያ ሚዛን ቀበቶ ታጥቆ ሳይሆን አርቺ ሙርን በ1946፣ በ1947 እና በ1948 ሦስት ጊዜ ማሸነፉ በኋላ ስለተስተዋለ ነው። ሙር ራሱ ሻምፒዮን የሆነው ገና በ1952 ነው፤ ስለዚህ የእነዚያን ሦስት ድሎች ክብደት በ1948 ማንም በትክክል ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ጊዜም ቢሆን አንዳንዴ የሚያደርገው ያለፈውን ማስዋብ ነው። በ1922 የተቋቋመው «ዘ ሪንግ» መጽሔት መሥራች ናት ፍላይሸር፣ ከማንም በላይ ግጥሚያ ያየ ሰው፣ ባወጣው የከባድ ሚዛን የምን ጊዜም ደረጃ ጃክ ጆንሰንን አንደኛ፣ ጄምስ ጄፍሪስን ሁለተኛ፣ ቦብ ፊትዝሲመንስን ሦስተኛ አድርጎ፣ ጆ ሉዊስን ስድስተኛ፣ ማርሲያኖን አሥረኛ አስቀምጧል። ይህ ሰው ስሜት የበረደለት ዳኛ ነበር ወይስ የወጣትነቱን ጀግኖች ያልተወ ታማኝ ተመልካች? እኔ ሁለተኛውን አስባለሁ፤ ለጆንሰን የሰጠው ቦታ ግን አያስቆጨኝም።

ስለ አምስተኛው ነጥብ ባጭሩ ልናገር። ኮምፒውተሩ ተሞክሯል። በ1967 በአሜሪካ በሬዲዮ በቀረበ የኮምፒውተር ውድድር ማርሲያኖ አንደኛ ሲወጣ አሊ በጄፍሪስ ተሸነፈ ተባለ፤ አሊም በዚህ ተቆጥቶ ከሰሰ። ከዚያ አሊና ማርሲያኖ በ1969 ካሜራ ፊት እየተቧቀሱ የተለያዩ መጨረሻዎች ተቀረጹ፤ በ1970 በአሜሪካ በታየው ፊልም ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን ሲዘርር ታየ። መሣሪያው የሚያውቀው ሰዎች ያስገቡለትን አስተያየት ብቻ ስለነበር፣ ጸሐፊው ሊያመልጡ የፈለጉት ስሜት በቁጥር ልብስ ተመልሶ መጣባቸው ማለት ነው።

ከመድረክ ውጭ ያለውን እናውጣ ማለትም እንዲሁ አይሆንም። በ1910 ጥቁሩ ሻምፒዮን ጆንሰን ነጩን ጄፍሪስን በሬኖ ካሸነፈ በኋላ በአሜሪካ ከተሞች በጥቁሮች ላይ ግፍ ተፈጸመ፣ በ1912 ደግሞ የግጥሚያ ፊልሞች ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እንዳይጓጓዙ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ሕጉ እስከ 1940 ጸንቷል። ደጋፊው ስለ ጆንሰን ችሎታ የሚፈርድበት ማስረጃ ራሱ በፖለቲካ ሲታገድ፣ «የመድረኩን ብቻ» የሚባለው ከየት ይመጣል? አሊም በ1967 ለጦርነት አልዘምትም በማለቱ ማዕረጉን ሲነጠቅ 25 ዓመቱ ነበር፤ እስከ ጥቅምት 1970 አልተጋጠመም። በመዝገቡ ላይ ያ ጊዜ ባዶ ነው፤ ባዶውን ምክንያቱን ሳይናገሩ ማንበብ አይቻልም።

ጸሐፊው ይበልጥ የሚያስቸግሩኝ በሮይ ጆንስ ጉዳይ ነው። ጆንስ በ2003 ጆን ሩይዝን አሸንፎ፣ ከፊትዝሲመንስ ወዲህ ከመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮንነት ተነሥቶ የከባድ ሚዛን ቀበቶ የታጠቀ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የነበረው ብቸኛ ሽንፈት በ1997 ሕግ በመጣስ የተፈረደበት ነበር። በ2004 ግን አንቶኒዮ ታርቨር በሁለተኛው ዙር፣ ግሌን ጆንሰን በዘጠነኛው ዙር ዘረሩት፤ ከዚያም ዓመታት እየቆጠረ እየተጋጠመ ደጋግሞ ተዘረረ። ጸሐፊው ደጋፊዎች በእነዚህ ሽንፈቶች ተመርኩዘው የ1990ዎቹን ጆንስ «ሳይፈተን የቀረ» ማለታቸው ግፍ ነው ይላሉ። በእኔ በኩል ከ2005 ወዲህ ያሉትን ግጥሚያዎች ሁሉ ከፍርዱ ማውጣት ተገቢ ነው፤ የሮቢንሰንን የመመሻ ሽንፈቶች ካወጣን የእርሱንም ማውጣት አለብን። የ2004ቱን ሁለት ዝረራዎች ግን እንደዚያ አላይም። ጆንስ ገና 35 ዓመቱ ነበር፤ ለከባድ ሚዛን ጨምሮት የነበረውን ክብደት ቶሎ መቀነሱ አዳክሞታል የሚለው ማብራሪያም የታርቨርን ቢያስረዳ የጆንሰንን አያስረዳም፣ በመካከላቸው አራት ወራት አልፈዋልና። ፍጥነቱ በጥቂቱ ሲቀንስ መከላከያው አብሮ መፍረሱ፣ ቀድሞም መከላከያው ፍጥነት ብቻ እንደነበረ ያሳያል። ይህ ጆንስን ከታላላቆቹ ተርታ አያወጣውም፤ ከሮቢንሰን ጎን የማቆሙን ክርክር ግን ይዘጋዋል።